ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ኮምቢን ቆርጦ ማርዘም ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1973 ሥሪት የሆነ ቮልስዋገን ኮምቢ አለኝ። ሞተሩ የራሱ ባለ 1600 ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ቡና የሚሸጥበት ተንቀሳቃሽ ቤት ላደርገው አስቤ ውስጡን ስለካው የቡና ማሽኑ፣ የውኃ በርሜሉና ሁለት ሠራተኞች አብረው የሚገቡ አልሆኑም። ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለ አንድ ላሜራ ሠሪ «አይሱዙን ቅጥቅጥ አውቶቡስ እናደርግ የለም እንዴ? ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ከኋላ ጎማው በስተጀርባ 60 ሳንቲ ሜትር እንድንጨምር መክሮኛል። ምክሩን ልቀበል? (የአራት ኪሎ አንባቢ)

መልስ፦ ኮምቢን ማርዘም ይቻላል፤ በተባለው ቦታ ግን አይሞከርም። የላሜራ ሠሪውን እጅ አንጠራጠርም፤ ችግሩ የቅጥቅጡ ምሳሌ ለእርስዎ መኪና የማይሠራ መሆኑ ነው። አይሱዙ የጭነት መኪና በመሆኑ ሸክሙን የሚችለው ከቦዲው ተለይቶ የሚገኝ ወፍራም ሻንሲ ነው፤ በላዩ የሚቀጠቀጠው ላሜራ ተሳፋሪውን ከፀሐይና ከዝናብ ከመከለል ያለፈ ብዙ ኃላፊነት የለበትም። ኮምቢ ግን ተፈትቶ የሚወጣ ሻንሲ የለውም። ከወለሉ ሥር በቁመት የተዘረጉት ሁለት ብረቶች ከወለሉ፣ ከጎንና ጎን ደፎቹና ከግድግዳው ጋር ተበይደው፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ክብደቱን ይሸከማሉ። ስለዚህ የኮምቢን ግድግዳ የቆረጠ ሰው ሻንሲውን ቆርጧል ማለት ነው።

ከኋላ ጎማው በስተጀርባ መጨመር የማይገባበት ምክንያት ደግሞ ሞተሩ ነው። በኮምቢ ሞተሩ የተቀመጠው ከኋላ አክሰል ጀርባ ሲሆን፣ ከአክሰሉ ጀርባ የሚጨመር ማንኛውም ክብደት የፊት ጎማዎቹን ወደ ላይ ያቀላቸዋል፤ የፊት ጎማ ሲቀል መሪው አስፋልቱን አይጨብጥም፣ በክረምት ዝናብ ደግሞ ይብሳል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ስለሆነና አየሩን የሚስበው በኋላ ማዕዘኖቹ ላይ ባሉት መተንፈሻዎች በኩል ስለሆነ፣ ያንን ክፍል ማዘበራረቅ ሞተሩን ለቃጠሎ ማጋለጥ ነው።

የግድ ይርዘም ከተባለ መቆረጥ ያለበት በፊትና በኋላ አክሰሎች መካከል ነው። በእኛ አስተያየት የተሻለው ቦታ የፊቱ በር ካለቀበት ምሰሶ ወዲያው በኋላ፣ ተንሸራታቹ በር ከመጀመሩ በፊት ነው፤ በዚህ ቦታ ሲጨመር የበሩ ሐዲዶች ሳይነኩ ይቀራሉ። የሐዲዱ ቀጥተኛነት በጥቂቱ እንኳ ከተዛባ በሩን መክፈትና መዝጋት የዕለት ተዕለት ትግል ይሆናል፤ ቡና ለሚሸጥበት መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከወለሉ ሥር ያለውን ነው። የማርሽ ዘንጉ ከሹፌሩ እግር ሥር ተነሥቶ እስከ ኋላው ካምቢዮ ይደርሳል። የፍሪሲዮኑ፣ የነዳጁና የእጅ ፍሬኑ ገመዶች፣ የፍሬን ዘይት ቱቦው፣ የማሞቂያው ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹም በዚያው ያልፋሉ። ሁሉም በ60 ሳንቲ ሜትር መርዘም አለባቸው። ገመዶቹ አይቀጠሉም፤ በልካቸው አዲስ ማሠራት ያስፈልጋል። የፍሬን ቱቦውም በመሃል ተቆርጦ መበየድ የለበትም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ይዘርጋ። ዘንጉ ውስጡ ሌላ ቱቦ ተከትቶለት ሊቀጠል ይችላል፤ ይሁንና የረዘመ ዘንግ ስለሚረግብና ማርሽ ስለሚያሳስት በመሃሉ ተጨማሪ መያዣ ቡሽ ሊገባለት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በኮምቢዎ የፊትና የኋላ አክሰሎች መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ40 ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 3 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የሩብ ያህል ጭማሪ ነው። በሁለት ጫፎቹ ላይ የተደገፈ ብረት መሃሉ ላይ አንድ ዓይነት ሸክም ሲጫንበት የሚረግበው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን ርዝመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሆነ፣ የሩብ ጭማሪ እርግበቱን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። የኮምቢ ቦዲ ተራ ብረት ባይሆንም አቅጣጫው ያው ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ቁራጭ ከዋናው ጋር እኩል መጠንከሩ አይበቃም፤ ቁመታዊዎቹ ብረቶችና ደፎቹ በሙሉ ርዝመታቸው መጠናከር አለባቸው። መሪው የሚጠማዘዝበት ልክ ስለማይለወጥ የመዞሪያ ክቡም እንዲሁ በሩብ ይሰፋል፤ ፒያሳ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይዞርባቸው የነበሩ ቦታዎች ወደኋላ መመለስን ይጠይቃሉ።

ሥራው ከተጀመረ ደግሞ መጀመሪያ ዝገቱ ይመርመር። ደፎቹና ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች ከበሰበሱ በበሰበሰ ብረት ላይ የሚበየድ ነገር አይጸናም፤ ስቱኮ የተቀባ ደፍ ካለ በመዶሻ ተነክቶ ይታይ። ከመቆረጡ በፊት መኪናው በአክሰሎቹ ላይ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ የበሮቹ ክፍተቶች ከውስጥ በብረት ይወጠሩ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ልክ በወረቀት ይመዝገብ። ወለሉ፣ ግድግዳውና ጣሪያው በአንድ መስመር ላይ አይቆረጡ፤ መገጣጠሚያዎቹ አንዱ ካንዱ ይራቁ። ቁመታዊዎቹ ብረቶች በሰያፍ ተቆርጠው፣ ውስጣቸው ድጋፍ ገብቶላቸው ይበየዱ። ስስ ላሜራን በጋዝ መበየድ ስለሚያጣምመው በሲኦቱ ብየዳ፣ ነጥብ በነጥብ እያበረዱ መሥራት ይሻላል።

ስለ ጉልበቱም እናንሣ። ባለ 1600ው ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ጉልበቱ እዚህ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ማሽኑን፣ ውኃውን፣ የተጨመረውን ብረትና ሁለት ሰዎችን ጭኖ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ መውጣት ለዚህ ሞተር ቀላል አይደለም።

እኛ ብንሆን አንቆርጠውም። ፋብሪካው ራሱ ከ1950 እስከ 1979 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀርመን ውስጥ በሠራቸው ሁለት የኮምቢ ትውልዶች ያንን 2 ሜትር ከ40 አልነካውም፤ የበለጠ ዕቃ መጫን የፈለገ ደንበኛ ሲመጣ በ1961 ባለ ከፍተኛ ጣሪያ ሥሪት አወጣ እንጂ አላረዘመውም። ለእርስዎም መፍትሔው ወደ ላይ ነው። የጣሪያው ዙሪያ አሸንዳ ሳይነካ መሃሉ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በብረት ክፈፍ ተጠናክሮ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ቢገጠምለት ሠራተኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መደርደሪያዎቹም ወደ ላይ ይወጣሉ። ተንሸራታቹ በር በቀኝ በኩል ወደ እግረኛው መንገድ ስለሚከፈት አንደኛው ሠራተኛ ከውጭ ማስተናገድ ይችላል። ውኃውን በአንድ ትልቅ በርሜል ከኋላ ከማስቀመጥ ይልቅ በሁለት አክሰሎች መካከል ከወለሉ ጠጋ አድርገው በሁለት ይክፈሉት፤ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ መሆኑን አይርሱ።

የትኛውንም ቢመርጡ ንድፉን ይዘው መጀመሪያ ወደ ተሽከርካሪ ምዝገባ ክፍሉ ይሂዱ። ጉዳዩን የሚመለከተው ተሽከርካሪን ስለመለየት፣ ስለመመርመርና ስለመመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፤ መኪናው ከሊብሬው ጋር ካልተገናዘበ ቦሎ ሲጠየቅ ጣጣው ይከተላል። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ብረትም ፈጽሞ አይነካ።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮምቢ ግቢዬ ውስጥ ሲቆም የውጭውን በር አያዘጋኝም። 40 ሳንቲ ሜትር ላሳጥረው? (የልደታ አንባቢ)

መልስ፦ አያሳጥሩት። ከወለሉ ሥር ያለው ጣጣ ከላይ ከተዘረዘረው አያንስም፤ በዚያ ላይ አክሰሎቹ ሲቀራረቡ ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ፊቱን ይበልጥ ስለሚያቀለው መኪናው በየጉድጓዱ ይነጥራል። ወደ ውስጥ የሚከፈት የብረት በር ከግቢው ርዝመት ላይ የክንፉን ስፋት ያህል ይወስዳል። በአጥሩ ጎን በሐዲድ ተንሸራቶ እንዲከፈት ቢያስለውጡት የሚፈልጉት 40 ሳንቲ ሜትር ሳይገኝ አይቀርም፤ ሥራውንም የሰፈርዎ ብረታ ብረት ቤት ይሠራልዎታል።