«ስንፍና ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ?»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ደከመ። አሁን በምርኩዝ ይራመዳል። ፊዚዮቴራፒውን ግን «ነገ» እያለ ተወው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይውላል። ብለምነውም ብቆጣውም ለውጥ የለም። ማታ እንዲተኛ ብዬ ለእኔ የታዘዘውን የእንቅልፍ ኪኒን እሰጠዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ፊዚዮቴራፒ ነው። ያስፈራዎት ግን «የማውቀው ሰው የት ሄደ?» የሚለው ይመስለኛል። የትም አልሄዱም።

«ስንፍና» የሚለውን ቃል ግን ከቤትዎ ያውጡልኝ። «ቢፈልግ ይነሳ ነበር» የሚል ዘመድ የማይጠፋበት ቤት የለም። መፈለግም እኮ የአንጎል ሥራ ነው! ስትሮክ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ወይም ከእሱ ጋር የተያያዙትን የውስጥ ክፍሎች ሲጎዳ፣ ሰውየው ማድረግ ያለበትን እያወቀ «ጀምር» የሚለው ትእዛዝ አይመጣለትም። ካልሲውን በእጁ ይዞ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ጣቱ ላይ ብቻ ሲያስገቡለት የቀረውን ራሱ ይስበዋል። ይሄ ስንፍና ነው? ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ሰዎች አንዱን ገደማ ያጋጥመዋል። በቁጣ አይድንም። በምክር ጋጋታም እንዲሁ።

ስለዚህ «ትሠራለህ?» አይበሏቸው። መልሱን ያውቁታል፤ «ነገ» ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አጠገባቸው ሆነው «በእጅ እንጀምር ወይስ በእግር?» ይበሉ። ለመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ይበቃል። «አምስት ወር አለፈ፣ ከዚህ በኋላ ለውጥ የለም» የሚልዎትን አይስሙ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ ግን እዚያ ላይ አይቆምም።

ኪኒኑ ግን አናዶኛል። ለእርስዎ የታዘዘ መድኃኒት ለእሳቸው ምን ያደርጋል? ቀን ያፈዛል፣ ሲራመዱ ይጥላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መውደቅ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ለሳምንታት ከወሰዱት በድንገት ማቋረጡም አደጋ አለው። እንዴት እንደሚቆም ሐኪማቸው ይንገሩዎት። ነገ ዛሬ ሳይሉ ይሂዱ።

እዚያው ድባቴም ይታይላቸው። ካለቀሱ፣ ምግብ ከጠሉ፣ ራሳቸውን ከወቀሱ ይናገሩ፤ ሕክምና አለው። «ብሞት ይሻለኛል» ካሉ፣ ወይም ድንገት ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንደበታቸው ከተያዘ ወይም ከወትሮው በላይ ከደነዘዙ ግን ቀጠሮ የለም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ የኪኒኑን ማሸጊያ ይያዙ። ስንት እንደሰጧቸውም አይደብቁ።