ጥያቄና መልስ፦ የካቲት 12ን በትምህርት ቤት ግቢ ማሳየት

ጥያቄ፦ የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ለሰማዕታት ቀን 40 ያህል ተማሪዎች አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበትን ሰዓት በግቢያችን ሊያሳዩ ነው። ለፍንዳታው ርችት እንጠቀም? ከታሪኩስ የትኛውን እናሳይ?

መልስ፦ ርችቱን ይተዉት። ፍንጣሪው ዓይን ይጎዳል፤ ድምፁም ከአጥር ውጭ ላለ ሰው ተኩስ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ጣውላዎች በአንድ ጫፍ በማጠፊያ አያይዛችሁ ብታጋጯቸው ደረቅ ፍንዳታ ይሰጣሉ፤ ከበሮ ወዲያው ሲከተል ድምፁ ይወፍራል። ጣት እንዳይቆነጥጡ ከጀርባቸው እጀታ ይኑራቸው። ቦምቡ ጨርቅ የታጨቀበት ጥቁር ካልሲ ይሁን፤ ከብርቱካን አይብለጥ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ጣውላ መቺው ግራዚያኒን ሲያይ ድምፁ ከውርወራው ይቀድማል። መቺው ካልሲውን ብቻ ይከተል፤ መሬት ሲነካ ይምታ። ለጭስ ብለው ዱቄት የሚበትኑም አሉ። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ጧፍ ካገኘ ይቀጣጠላል።

ከቦምቡ ይልቅ የሚያሰጋው ሩጫው ነው። የኋላው ረድፍ ቀድሞ ይውጣ፤ የፊቶቹ ከቀደሙ ይደራረባሉ። ወዳቂዎች በጉልበት፣ ከዚያ በዳሌ፣ ከዚያ በትከሻ ይውረዱ እንጂ በጀርባ አይውደቁ። መጀመሪያ በእርምጃ ተለማምደው ነው የሚሮጡት።

ቦታው ሐውልቱ ያለበት አደባባይ ሳይሆን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጅ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ስለዚህ ደረጃ ያለው የትኛውም በር ይበቃችኋል። ዓርብ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የናፖሊ ልዑል (የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ) ተወለደ ተብሎ ለድሆች ምጽዋት ይሰጥ ነበር። ለምጽዋቱ ማሪያ ትሬዛ ብር 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ካርቶን ቆርጣችሁ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አልብሱት። የጣሊያን ባንዲራ ያኔ መሐሉ ላይ የሳቮያ ጋሻ፣ ቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ነበረበት፤ የዛሬውን አትስቀሉ። ሊቀ ጳጳሱን አቡነ ቄርሎስን አትርሱ፤ እሳቸውም ቆስለዋል። ግራዚያኒ ግን አልሞተም። ለጭብጨባ ሲባል የሚገደልበት ትዕይንት ብዙ ነው፤ ሰውየው እስከ 1947 ዓ.ም. ኖሯል። እሱን መምህር ይጫወተው፤ ተማሪ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ «ግራዚያኒ» መባሉ አይቀርለትም።

የሦስት ቀኑን ጭፍጨፋ በዱላና በእንጨት ጠመንጃ አታሳዩ። ልጆች ይስቃሉ፤ ተመልካቹም ይከተላል። ከፍንዳታው በኋላ መድረኩ ባዶ ይሁን፤ አንድ ተማሪ ቆሞ በከተማው የሆነውንና በግንቦት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰውን ያንብብ፤ ጧፉ ያኔ ይብራ። ስምዖን አደፍርስን ደግሞ አታስቀሩት፤ አብርሃንና ሞገስን ከከተማ በመኪናው ያወጣቸው እሱ ነው። ለመኪናው አራት ወንበርና የተጣለ መሪ ይበቃል።