ሐይቅን በሳይክል፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ከደሴ ሐይቅ ከተማ በሳይክል ወርጄ መጣሁ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ከዝናቡ ብሷል፣ እስቲ ልሞክረው።

«ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል?» አብሽር፣ ይቻላል። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሐይቅ ከደሴ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ጠዋት እየሳቅክ የወረድከውን ከሰዓት ደክሞህ ነው የምትወጣው።

አንዷ ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠይቃለች። እህቴ፣ እኔ ሜትሮሎጂ አይደለሁም! ብዙ ጊዜ ግን ጠዋት ጥርት ይልና ከሰዓት ይገለበጣል፣ ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ውጪ፣ ስልክሽን በፌስታል ጠቅልይ።

«መንገድ ላይ ቦሩ ሜዳ ምን አለና ነው የምትቆሙት?» ላለው ወንድሜ፦ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖቱን ጉባኤ ያደረጉት እዛ ነው፣ የወሎው ገዢ ኢማም መሐመድ አሊም ከዛ ወዲህ ነው ራስ ሚካኤል የሆኑት። ለኔ ግን ዋናው ጃኬት መልበሻ መሆኑ ነው፣ ጉሙ አጥንት ይገባል።

ባልና ሚስት ሆነን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንገባለን ወይ ላላችሁት፣ እሱ ይገባል አንቺ ውጭ ትጠብቂያለሽ፣ ሴት አይገባም። እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ስር የተማሩበት ቦታ ነውና እሱም ቶሎ ውጣ አይባልም፣ ምሳሽን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አንዱ «ፍሬኔ ሲዘንብ አይዝም፣ ሳይክል ሰሪው የፍሬኑን ላስቲኮች ቀይር አለኝ፣ ሊበላኝ ነው አይደል?» ይላል። አይደለም ወንድሜ! ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ መጀመሪያ የሚያገኘው ውሃውን ነው፣ ውሃው እስኪጠረግ ጎማው ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል፣ ቁልቁለት ላይ ያ ማለት ኩርባው አልፎሃል ማለት ነው። ስለዚህ ከኩርባው ቀደም ብለህ ጫን ለቀቅ እያረክ አድርቀው፣ የፊቱን ብቻ ደግሞ እንዳትይዝ። በተለይ ካፊያው ገና ሲጀምር አቧራውና የመኪና ዘይቱ ተቀላቅሎ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። እኔ አምና እንዳንተው «ሊበላኝ ነው» ብዬ ሳልቀይር ወረድኩና ከቦይ ውስጥ ተነሳሁ፣ ክርኔ ተልጦ ሳይክሉን ሳየው የፍሬኑ ላስቲክ እንደ አሮጌ ጫማ ተረከዝ በአንድ ጎን አልቆ ብረቱ ወጥቷል። አህያ የሚነዱ አንድ አባት ካነሱኝ በኋላ «ልጄ፣ ይሄ ነገር መቆሚያ የለውም እንዴ?» አሉኝ። አሁን ብረቱ ሳይወጣ ሁሌ ላስቲኩን በጣቴ እዳስሳለሁ። እና ሂድ ሰሪው ጋ፣ ዛሬውኑ፣ ጎማ የሚነፋው ጋ ሳይሆን ሳይክል የሚፈታው ጋ፣ አውልቆም ያሳይህ።

«ጉልበቴን ያመኛል» ላልከው፣ ኮርቻህን ትንሽ ከፍ አርግ፣ ካልተሻለህ ሐኪም አለልህ።

ጋሼ፣ እርሶ ግን የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰዱ «ዳገቱን ቀስ ብዬ ብወጣውስ» ብለዋል። ሐኪሞት ሳያዮት አይሆንም፣ በቃ። ከፈቀዱሎት ሐይቅ ድረስ በሳይክል ይውረዱ፣ ሲመለሱ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ እናስጭነዋለን፣ እኔም አብሬዎት እሳፈራለሁ።

ሄልሜት ከሻሽ ላይ? ይደረጋል፣ ሻሹ ስስ ይሁን።

ዓሣ የቱ ይሻላል? ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ ጥብስ፣ ከዳገቱ በፊት ግን አንድ ይበቃል።