ታፔላው ደሴ ስላለ ደሴ አይደረስም

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ አይቲ ክፍል ከተቀጠርኩ 8 ወሬ ነው። ሠራተኛው ቢሮ ሲሆን በሰርቨሩ ረጅም ስም፣ ቤቱ ሲሆን በሌላ አጭር ስም ነበር ዌብሜል (በብራውዘር የሚታየውን ኢሜይል) የሚከፍተው። አለቃዬ የውስጡንም አጭሩ አድርጊው አለኝ። ማታ ቀየርኩት፣ ማስታወቂያም ለጠፍኩ። ጠዋት ቢሮ ላለ ሰው ሁሉ አልከፍት አለ። ቤቱ ሆኖ የሞከረ ግን ይገባል። እስከ ምሳ ሰዓት ስልክ ሲጮህብኝ አረፈደ፤ በመጨረሻ ወደ ድሮው መለስኩት። ሐሙስ ሳምንት ደሴ አንድ ባንክ ለኢንተርቪው ጠርቶኛል። ይህን ልንገራቸው ወይስ ልደብቅ? ሙያውስ የእኔ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ንገሪያቸው። ግን «ቀየርኩት፣ እምቢ አለ» ብለሽ አይደለም። ለምን እምቢ እንዳለ ማወቅ አለብሽ፤ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

ፍንጩ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፦ ከቤት ይገባል፣ ከቢሮ አይገባም። ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር) ላይ የውስጥ አድራሻውን ስትለውጪ ሰርቨሩ «የምገኘው በዚህ ስም ነው» ብሎ ይናገራል እንጂ መንገድ አይከፍትም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ የቆመ ሚኒባስ ታፔላው ደሴ ስላለ ብቻ ደሴ አይደርስም፤ ሐረጎን መውጣት አለበት። የስም መንገዱ ዲኤንኤስ ነው፤ ስምን ወደ ሰርቨሩ የቁጥር አድራሻ (አይፒ) የሚመራ መዝገብ። የፋብሪካው ዲኤንኤስ ላይ አጭሩ ስም ከሰርቨሩ የውስጥ አይፒ ጋር ካልተመዘገበ፣ የቢሮው ኮምፒውተር ወይ ምንም አያገኝም፣ ወይ የውጪውን አይፒ ያመጣል። ብዙ ራውተር ደግሞ ከግቢ ወጥቶ በዚያው በር መመለስን አይፈቅድም። ያንቺም ከሁለቱ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዌብሜሉ ኢሲፒ የሚባል የማስተካከያ ገጽም አለው። የእሱም አድራሻ አብሮ መቀየር አለበት፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የሰርቨሩን ማንነት ለብራውዘር የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬትም አጭሩን ስም መያዝ አለበት፣ አለዚያ ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አለቃሽ አንድ ስም ይሁን ማለቱ ልክ ነው። የሰርቨሩ ረጅም ስም «ነጥብ ሎካል» (.local) ብሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለእንደዚህ ያሉ የውስጥ ስሞች የታወቁት ሰርተፍኬት ሰጪዎች ከኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰርተፍኬት አይሰጡም።

አሁን አለቃሽን አስፈቅጂና ቅዳሜ ከሰዓት እንደገና ሥሪው። መጀመሪያ የድሮውን አድራሻ ጽፈሽ ያዢ። ዲኤንኤሱን መዝግቢና ከአንድ ኮምፒውተር ሞክሪ። ሰርተፍኬቱን ክፈቺና ስሙ መኖሩን እዪ። አድራሻዎቹን ከዚያ በኋላ ቀይሪ። ማስታወቂያ የሚለጠፈው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ገጽ ጻፊ፤ ምን ታዘዝሽ፣ ምን ተሳሳትሽ፣ እንዴት አገኘሽው። የሰርቨሩን እውነተኛ ስምና አይፒ እንዳታስገቢ፤ ባንክ ምስጢር መጠበቅሽን ከዚያው ያያል። ስህተትሽን ሲጠይቁሽ «ስሙን ዲኤንኤስ ላይ ሳልመዘግብ አድራሻውን ቀየርኩ። ሰው ግማሽ ቀን ዌብሜል አጣ። መለስኩት፣ ምክንያቱን አገኘሁ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ደገምኩት» በያቸው። «አለቃዬ ስላጣደፈኝ ነው» አትበይ፣ እውነት ቢሆን እንኳ።

ሙያው የእኔ ነው ወይ ላልሽው፦ ያን ጠዋት ስልክሽን አላጠፋሽም። ሰው እየጮኸብሽ አንስተሻል፣ ራስሽ መልሰሽ አስገብተሻቸዋል። እኔ ቀጣሪ ብሆን ይህን ከዲግሪሽ በፊት አየው ነበር። ሥራውም ገና አለ። የኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ያንን ይዘው የቀሩ መሥሪያ ቤቶች መዛወራቸው አይቀርም፤ ሠራተኛው ሳያውቀው ስምን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ የሚያሻግር ሰው ይፈልጋሉ።

ሰኞ ጠዋት በማለዳ ግቢና አንድ ሠራተኛ አጠገብ ቁሚ። አጭሩን ስም ጽፎ ሲከፍትለት ካየሽ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ገጽሽ ላይ ጨምሪበት። ሐሙስ ወደ ደሴ ይዘሽው ውጪ።