ከጦርነት ተርፋችሁ ለምትጽፉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በአርታኢነት ሥራ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ረቂቆች አብዛኞቹ ጦርነት አይተው ከሀገር የወጡ ወጣቶች የጻፏቸው ናቸው። ሐዘናችሁ እውነተኛ ነው፤ ሳነበው ያመኛል። ገጹ ግን «ደም»፣ «ክህደት»፣ «የተቀጨ ተስፋ» በሚሉ ቃላት ተጨናንቆ ሰው አይታይበትም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ቀድመዋችሁ ስላለፉ ሰዎች ላውጋችሁ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1918 ሲያበቃ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ወታደር አልቆ ነበር። ክብር፣ መስዋዕትነት፣ ድል እየተባለ የተሰበከላቸው ወጣቶች ከዚያ በኋላ እነዚህን ቃላት መስማት አንገሸገሻቸው። ከአሜሪካ የመጡ በርካታ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ፓሪስ ከተሙ። እዚያው ትኖር የነበረችው አሜሪካዊት ደራሲ ገርትሩድ ስታይን «የጠፋ ትውልድ» አለቻቸው፤ ስሙም በዚያው ጸናባቸው።

ስለ ካፌ ሕይወታቸው ብዙ ይወራል። እኔ እምብዛም አያስገርመኝም። ፓሪስን ካስወደዷቸው ነገሮች አንዱ ርካሽነቷ ነበር፦ ከጦርነቱ በፊት በ5 ፍራንክ ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ፍራንክ በላይ ያወጣ ነበር። እናንተ ያላችሁበት ከተማ እንዲህ አይራራም። ቀን ሠርታችሁ ሌሊት ለምትጽፉት የሚቀርባችሁ ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ ይመስለኛል። በ1924 ባዶ ኪሱን ፓሪስ ገብቶ በአንድ የምሽት ክበብ ወጥ ቤት ሰሃን እያጠበ ነበር ግጥሙን የጻፈው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ከእነዚያ አሜሪካውያን ደራሲዎች አንዱ የሆነው ኧርነስት ሄሚንግዌይ በዚያ ጦርነት ጣሊያን ውስጥ ለቀይ መስቀል ሲያገለግል የቆሰለው ገና በ18 ዓመቱ ነው። በ1925 በታተመ አንድ አጭር ልብወለዱ፣ ከጦርነት የተመለሰ ወጣት ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ ገጠር ይወርዳል። ከባቡር ሲወርድ ያገኘው የተቃጠለ መሬት ነው፤ እዚያ የሚኖሩት ፌንጣዎች እንኳ ጠቁረዋል። አንዱን ይዞ አገላብጦ ያየዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ድንኳን ይተክላል፣ ቡና ያፈላል፤ በማግስቱ ጤዛው ሳይደርቅ ፌንጣ እየለቀመ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል። በታሪኩ ውስጥ ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል የለም። የሰውየው እጅ ለምን እንዲህ ቀስ ብሎ፣ እንዲህ ተጠንቅቆ እንደሚሠራ ግን አንባቢው ይገባዋል። ደራሲው መጨረሻ ላይ ሐሳቡን የሚያብራሩ ገጾች ጽፎ ነበር፤ ከመታተሙ በፊት ቆርጦ ጣላቸው። ለእኔ የዚያ ትውልድ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው።

በ1929 ባወጣው ልብወለድም ባለታሪኩ፣ ከትልልቆቹ ቃላት ይልቅ ክብራቸውን ጠብቀው የቀሩት የመንደርና የወንዝ ስም፣ የጦር ክፍል ቁጥርና ቀን እንደሆኑ ይናገራል። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። መንደሩ ማን ይባላል? የተሻገራችሁት ወንዝስ? በዚያን ቀን ምጣዱ ላይ ምን ነበር?

ብቻችሁንም አትጻፉ። ሲልቪያ ቢች የምትባል አሜሪካዊት ፓሪስ ውስጥ መጽሐፍ የምታከራይ ሱቅ ነበረቻት፤ ሄሚንግዌይ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ገንዘብ ስላልያዘ መጻሕፍቱን በእምነት አዋሰችው። ያላችሁበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ተመዝገቡ። ረቂቃችሁንም የማያባብላችሁ አንድ ሰው አስነብቡ። እሱ ካየው በኋላ የሚያብራራውን የመጨረሻ አንቀጽ አውጡና ለእኔም ላኩልኝ።