ዳዮዱ ጤነኛ ነው፤ የዋሸህ ሬዚስተሩ ነው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አንባቢ የኢንፍራሬድ ብርሃን ሪሲቨር ሰርቷል። ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይረው ፎቶዳዮድ ቢፒደብሊው34 ነው፣ ያለ ባያስ (ከውጭ ቮልቴጅ ሳይሰጠው)። ከረንቱን ወደ ቮልቴጅ የሚያጎላው ኦፕ-አምፕ ጌይን-ባንድዊድዙ (ማጉያው በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው አቅሙ) 100 ሜጋኸርዝ፣ አውትፑቱን ወደ መግቢያው የሚመልሰው የፊድባክ ሬዚስተር 100 ኪሎ ኦም። ቦርዱን ሁልጊዜ በብርሃን መፈተን ስለሰለቸው ዳዮዱን ነቀለና ከሲግናል ጄነሬተር በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል 10 ሚሊ ቮልት ስኩዌር ዌቭ አስገባ። ኦሲሎስኮፑ ላይ ያየው ጥርት ያለ ነበር። ዳዮዱን ሲመልሰው ግን ሲግናሉ በወጣና በወረደ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ሦስት ዳዮድ ቀያይሮ ያው ሆነበት። «ዳዮዶቹ ፎርጅድ ይሆኑ?» ይላል።

አይደሉም። ገንዘብህን አታባክን።

ሂሳብህ ከረንቱን በተመለከተ ልክ ነው። 10 ሚሊ ቮልት በ1 ኪሎ ኦም ሲካፈል 10 ማይክሮ አምፔር ነው። ይህ ዳዮድ በኢንፍራሬድ ለ1 ዋት ብርሃን 0.6 አምፔር ገደማ ስለሚሰጥ፣ ወደ 16 ማይክሮ ዋት ብርሃን አስመስለሃል ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኦፕ-አምፑ የሚመጣለትን ከረንት ብቻ ሳይሆን መግቢያው ላይ ምን እንደተንጠለጠለም ያያል። እውነተኛው ዳዮድ ለእሱ በጣም ትልቅ ሬዚስተር ነው፣ ከጎኑ ደግሞ ካፓሲተር አለ። ያለ ባያስ የዚህ ዳዮድ ካፓሲታንስ 70 ፒኮፋራድ ያህል ነው። በፊድባኩ የሚመለሰውን ሲግናል እያዘገየ መንቀጥቀጡን የሚያመጣው ይህ ነው። አንተ የሰጠኸው ግን 1 ኪሎ ኦም ብቻ።

የፊድባኩ 100 ኪሎ ኦም ለ1 ኪሎ ኦም ሲካፈል 100፣ አንድ ሲደመር 101። ኦፕ-አምፑ የራሱን ኖይዝና ኦፍሴት (መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ የቮልቴጅ ስህተት) 101 ጊዜ እያባዛ ነበር የሚሰራው። 100 ሜጋኸርዙ ለ101 ሲካፈል 1 ሜጋኸርዝ ገደማ ይቀራል። እንዲህ የታሰረ ኦፕ-አምፕ አይንቀጠቀጥም፤ ጨዋ ነው። ምልክቱ እኮ ነበረልህ፦ ጄነሬተሩን ዜሮ አድርገህ አውትፑቱን በዲሲ ብታየው ኖሮ ከዜሮ ርቆ ታገኘው ነበር። 1 ሚሊ ቮልት ኦፍሴት 100 ሚሊ ቮልት ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ኦሲሎስኮፑን ኤሲ ላይ አድርጎ ይህችን ያልፋታል።

አንዳንዱ «70 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጨምርበት» ብሎ ይመክርሃል። ብቻውን አይበቃም። 1 ኪሎ ኦሙ እዚያው እስካለ ድረስ ካፓሲተሩ ሥራ የሚጀምረው ወደ 2 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኦፕ-አምፑ ከዚያ በፊት ጉልበቱን ጨርሷል። ሁለቱንም መቀየር አለብህ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሬዚስተሩን ቢያንስ የፊድባኩን ያህል፣ እዚህ 100 ኪሎ ኦም፣ አደርገዋለሁ። የጄነሬተሩን ቮልቴጅ ወደ 1 ቮልት ከፍ አደርጋለሁ፤ ከረንቱ ያው 10 ማይክሮ አምፔር ነው። ከመግቢያው ወደ ግራውንድ 68 ፒኮፋራድ ሴራሚክ እበይዳለሁ፤ ኤንፒኦ የሚባለውን ዓይነት፣ በቮልቴጅና በሙቀት የማይዋዥቀውን። ኬብሉን ቦርዱ ጋ በ50 ኦም እዘጋለሁ። የጄነሬተሩ ሴቲንግ «50 ኦም» ነው ወይስ «ሃይ-ዚ» (ጫፉ በ50 ኦም ያልተዘጋ) የሚለውንም አያለሁ፤ በዚህ ምክንያት በእጥፍ የተሳሳተ ንባብ ይዤ ግማሽ ቀን ያጣሁበት ጊዜ አለ።

አቅጣጫም አለው። ፎቶዳዮድ በብርሃን ከረንት የሚሰጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጄነሬተርህ ከፕላስ ወደ ማይነስ የሚወዛወዝ ከሆነ ግማሹ ጊዜ በተፈጥሮ የሌለ ብርሃን ነው። ካቶዱ ኦፕ-አምፑ ላይ፣ አኖዱ ግራውንድ ላይ ከሆነ ዳዮዱ ከረንት ይስባል፤ ስለዚህ ሞገዱን ከዜሮ እስከ ማይነስ 1 ቮልት አድርገው። ዳዮዱ የተገላቢጦሽ ከሆነ ከዜሮ እስከ ፕላስ 1። ሪሲቨርህ በአንድ ፓወር ሰፕላይ የሚሰራና መግቢያው ለምሳሌ 1 ቮልት ላይ የሚቀመጥ ቢሆን ደግሞ «ዜሮ ብርሃን» ማለት ጄነሬተሩም 1 ቮልት ላይ ሲሆን ነው።

አሁን ዳዮዱ ሳይኖር ያንኑ መንቀጥቀጥ ታያለህ። ደስ ይበልህ! ችግሩን ጠረጴዛህ ላይ ያዝከው ማለት ነው። 70 የዳዮዱ፣ 10 ያህል የኦፕ-አምፑና የቦርዱ፣ በጠቅላላ 80 ፒኮፋራድ ብንል፣ ከፊድባክ ሬዚስተሩ ጎን 1.5 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አስገባና ተመልከት። ካልበቃው ወደ 2 ውጣ። ባንድዊድዙ 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሆናል፤ ለዚህ ዳዮድና ለዚህ ኦፕ-አምፕ ከዚያ በላይ መጠበቅ ስስት ነው። በእርግጥ ፈጣን ከፈለግህ ዳዮዱን በሪቨርስ ባያስ (በተቃራኒ አቅጣጫ ቮልቴጅ ሰጥተህ) አድርገው። በ3 ቮልት ካፓሲታንሱ ወደ 25 ፒኮፋራድ ይወርዳል። ያኔ የመፈተኛ ካፓሲተርህንም መቀየር እንዳትረሳ።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። ትልቅ ሬዚስተር ራሱ በጫፎቹ መካከል ትንሽ ካፓሲታንስ አለው፤ 0.1 ፒኮፋራድ እንበል። 1 ቮልት በ5 ናኖ ሰከንድ ሲዘል በዚህች በኩል የሚያልፈው ከረንት 20 ማይክሮ አምፔር ነው፣ የሲግናልህ እጥፍ! ያንተ ሪሲቨር ቀርፋፋ ስለሆነ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀንድ ብቻ ታያለህ። በአስር ሜጋኸርዞች ለሚሰራ ግን ፍተሻውን ያበላሸዋል። መድኃኒቱ አንዱን 100 ኪሎ ኦም በአራት 25 ኪሎ ኦም አካባቢ ሬዚስተሮች ተከታታይ አድርጎ መተካት ነው። ከቦርዱ ከፍ አድርገህ በአየር ላይ በይዳቸው።

ሌላም ዘዴ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ሬዚስተሩን ትተህ 1 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በመግቢያው አስገባና ጄነሬተሩን ትራያንግል ዌቭ አድርገው። ቮልቴጁ በእኩል ፍጥነት ሲወጣ ከረንቱ ቋሚ ነው። በ1 ማይክሮ ሰከንድ 1 ቮልት ከወጣ 1 ማይክሮ አምፔር፤ ሲወርድ ደግሞ ማይነስ 1። ንጹህ ስኩዌር ከረንት፣ በሬዚስተር ኖይዝ ያልተነካ። ዲሲ ግን አያሳልፍም፣ ከረንቱም ሁለቱንም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለፍጥነትና ለመንቀጥቀጥ እንጂ ለኦፍሴትና ለሙሌት (አውትፑቱ ጣሪያው ላይ ሲደርስ) ፍተሻ አይሆንም።

ብዙ ቦርድ የምትሰራ ከሆነ፣ ቦርዶቹን በዚህ ካሳለፍክ በኋላ አንዱን መርጠህ ዳዮዱን መልሰህ በኤልኢዲ ብርሃን ፈትነው። የዳዮዱን የራሱን ፍጥነት፣ የጨለማ ከረንቱን (ብርሃን ሳይኖር የሚያልፈውን)ና ብርሃኑ ራሱ የሚያመጣውን ኖይዝ በሬዚስተርም በካፓሲተርም ማስመሰል አይቻልም። ያ ቦርድ ከተስማማ የቀሩትን በጄነሬተር ብቻ ማሳለፍ ትችላለህ።