የ2020 እና የ2021 ሱፕራ፦ 47ቱ የፈረስ ጉልበት ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለ 3.0 ሊትር ቶዮታ ሱፕራ፣ አንዷ የ2020 ሌላዋ የ2021 ሥሪት፣ ቀርበውልህ የትኛዋን ልግዛ ብለሃል። ግማሹ ሰው «ሞተሩ ያው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የቢኤምደብሊው ቢ58 ነው፣ ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ብቻ ነው» ይልሃል። ሌላው ደግሞ «አዲሷ ሌላ መኪና ናት፣ የ2020ዋን እንዳትነካ» ይልሃል። እኔ የ2020ዋን ሦስት ዓመት ነድቻታለሁ፤ አሁን እጄ ላይ ያለችው የ2021ዋ ናት። የድሮዋን የገዛኝ የቅርብ ጓደኛዬ ስለሆነ በተገናኘን ቁጥር ቁልፍ እንለዋወጣለን። ሁለቱም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የምጠቅስልህ ቁጥርም የዚያው ገበያ ነው።

የሶፍትዌሩ ወሬ ከየት እንደተነሣ ይገባኛል። የሱፕራ እህት የሆነችው ቢኤምደብሊው ዜድ4 ኤም40አይ በዚሁ በቢ58 ሞተር አሜሪካ ስትገባ ከመጀመሪያውም 382 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ሱፕራ ግን በ335 ወጣች። ሁለቱም የተገጣጠሙት ኦስትሪያ፣ ግራዝ ውስጥ ባለው የማግና ሽታየር ፋብሪካ ነው። እንግዲህ ሱፕራ በዓመቷ 382 ስትደርስ ሰው «አፍነው ይዘውት ነበር፣ አሁን ለቀቁት» ቢል አይፈረድበትም። ሞተሩ ሲፈታ የሚታየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሥር ያለው አልተነካም። ብሎኩ፣ 2,998 ሲሲው፣ የፒስተኑ ምት (ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው ርቀት) 94.6 ሚሊሜትር መሆኑ፣ መንታ ቀዳዳ ያለው አንድ ቱርቦ (በጢሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋው)፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው ኢንተርኩለር (ያን አየር የሚያበርደው)፣ ባለ 8 ማርሹ የዜድኤፍ ካምቢዮ፣ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። የተለወጠው ፒስተኑና የጢስ መውጫው ነው። በ2020ዋ ሞተር ከስድስቱ ሲሊንደሮች የሚወጣው ጢስ እዚያው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ይሰበሰብና በሁለት ቀዳዳ ይወጣል፤ የፊተኞቹ ሦስቱ በአንዱ፣ የኋለኞቹ ሦስቱ በሌላው። በ2021ዋ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቀዳዳ አለው። ስድስቱን ሰብስቦ በሁለት ክንድ ወደ ቱርቦው የሚያደርሳቸው ውጭ የተገጠመ ማኒፎልድ (የጢስ መሰብሰቢያ ቱቦ) ነው። ይህን በሶፍትዌር መሥራት አይቻልም።

ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነው። ቴስታታ በውሃ ይቀዘቅዛል። ጢሱ እዚያ ውስጥ ሲሰበሰብ ብዙ ሙቀት ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይገባል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ጥሩ ነው፤ ረጅም ሰዓት አስጨንቀህ ስትነዳው ግን ያ ሁሉ ሙቀት የማቀዝቀዣው ሸክም ይሆናል። የጢሱ መሰብሰቢያ ወደ ውጭ ሲወጣ ቴስታታው እፎይ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁንና የካንዴላውን ሰዓት በድፍረት ያዝዛል።

ፒስተኑን ደግሞ ልብ ብለህ ተመልከተው፤ ሰው ሁሉ ስለ ማኒፎልዱ ያወራል እንጂ ለእኔ ትልቁ ለውጥ እዚህ ነው። ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት መጠን፣ ከ11 ለ1 ወደ 10.2 ለ1 ወርዷል። ጉልበት የጨመረ ሞተር ኮምፕሬሽኑ ለምን ይቀንሳል ብለህ ብትጠይቅ አልፈርድብህም፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው የተጻፈው ስህተት መስሎኝ ነበር። ቱርቦው አየሩን አንድ ጊዜ ይጨምቀዋል፣ ፒስተኑ ደግሞ በላዩ ላይ እንደገና ይጨምቀዋል። ከሚገባው በላይ ሲጨመቅና ሲሞቅ ነዳጁ የካንዴላው እሳት ገና ሳይደርስበት በራሱ ይቀጣጠላል፤ ሞተር አንኳኳ የምንለው ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ እሳቱን ያዘገያል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ፒስተኑ የሚጨምቀው ትንሽ ሲቀነስ ለቱርቦው ቦታ ይለቀቅለታል። በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር እየነፋ፣ እሳቱም በሰዓቱ እየተለኮሰ መዝለቅ ይችላል።

አሁን ቁጥሮቹን በዚህ ዓይን ተመልከታቸው። የ2020ዋ ትልቁን ቶርክ (ሞተሩ የሚያዞርበትን ኃይል)፣ 365 ፓውንድ ጫማ (495 ኒውተን ሜትር ገደማ)፣ በደቂቃ ከ1,600 እስከ 4,500 ዙር ትሰጣለች። የ2021ዋ 368 ነው፤ ሦስት ብቻ ጨመረ። ግን የሚጀምረው በ1,800 ነው፣ የሚዘልቀውም እስከ 5,000። ከታች 200 ዙር አጣ፣ ከላይ 500 አገኘ። ጉልበት ማለት ቶርክ በዙር ሲባዛ ስለሆነ ዋናው ልዩነት ያለው ከ5,000 በላይ ነው። ራስህ አስላው፦ 5,800 ዙር ላይ የ2020ዋ 335 የፈረስ ጉልበት ወደ 411 ኒውተን ሜትር ይመጣል፤ የ2021ዋ 382 ደግሞ ወደ 469። እዚያች ነጥብ ላይ 58 ኒውተን ሜትር ልዩነት አለ። 3,000 ዙር ላይ ግን ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም።

ስነዳቸውም ያገኘሁት ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሁለቱንም ሩጫ ሜዳ አስገባናቸው፤ ያው መንገድ፣ ያው አየር፣ ተመሳሳይ ጎማ። ረጅም መታጠፊያ ጨርሰህ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ የድሮዋ መጀመሪያ ላይ ትቀድምሃለች ብል አታምነኝም ይሆናል። ነዳጅ መስጫውን ገና ስትነካው ነው የምትነሣው፤ ያ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን እዚህ ይረዳታል። ዙሩ 5,500 ሲያልፍ ግን ትንፋሿ ያጥራል፤ መጮኋን አታቆምም፣ ግፊቷ ግን ይላላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላስበው ማርሹን 6,000 ሳይደርስ መቀየር ልማዴ የሆነው ለዚህ ነበር። የ2021ዋን የያዝኩ ሰሞን በዚያው ልማዴ እየቀየርኩ «እንዲያው ምን ጨመረች?» ስል ከረምኩ። አንድ ቀን እስከ 6,500 ይዤ ስቆያት ገባኝ። ጀርባህን ወንበሩ ላይ እንደለጠፈችህ ነው የምትቆየው።

በዚያው ቀን ግን አንድ ነገር ተሳስቼ ነበር። ከመታጠፊያ ስትወጣ አዲሷ የበለጠ መሬት ትይዛለች፤ እኔ ይህን ሁሉ ለሞተሩ ሰጠሁት። በኋላ ሳጣራ በ2021 ፊት ለፊት የአሞርዛተሮቹን መቀመጫ ከራዲያተሩ ድጋፍ ጋር የሚያያይዙ የአሉሚኒየም ማጠንከሪያዎች ተጨምረዋል። አሞርዛተሮቹም፣ መሪውም፣ የኋላው ዲፈረንሻልም እንደገና ተስተካክለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ስትፈትን መታጠፊያ ላይ የሚሰማህን ለሻንሲው፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ከ5,000 በላይ የሚሰማህን ለሞተሩ አድርግ።

«የ2020ዋን ገዝቼ በሶፍትዌር ላሳድጋትስ?» ላልከው፣ መልሱ ይቻላል ነው። ሞተሩ ራሱ ጠንካራ ነው። ፋብሪካው የጻፈው 335ም ቁጥብ ነው፤ ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ አውጥተው ጎማ ላይ ብቻ ከዚያ ያላነሰ ያገኙ መጽሔቶች አሉ። እንዲያውም በዚህ በኩል የ2020ዋ ትቀላለች፤ ከ2020 አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት የሞተር ኮምፒውተራቸው ስለተቆለፈ መጀመሪያ ማስከፈት ያስፈልጋል። ግን 11 ለ1 ኮምፕሬሽኑ አብሮህ እንደሚኖር አትርሳ። ሌላ የማውቀው ሰው የ2020ዋን አንድ ማስተካከያ ቤት ወስዶ የቱርቦ ግፊቷን አስጨመረ። ቀዝቃዛ ማታ ላይ ተአምር ነበረች። አየሩ ሲሞቅና ነዳጁ ኦክቴኑ (በራሱ ላለመቀጣጠል ያለው አቅም) ዝቅ ያለ ሲሆን ኮምፒውተሩ እሳቱን እያዘገየ ጉልበቷን ከበፊቱም በታች አወረደው። የሠሩላት ሰዎች ግፊቱን ጨምረው የነዳጁን ጥራት ሳይጠይቁት ነው የለቀቁት። የምታገኘው ነዳጅ ሁልጊዜ ከፍተኛ ኦክቴን ካልሆነ የ2021ዋ ፒስተን ይሻልሃል። ወደፊት ትልቅ ቱርቦ ለመግጠም ካሰብክም ኪቱ ለየትኛው ቴስታታ እንደተሠራ ሳታረጋግጥ እንዳትገዛ፤ ባለሁለት ቀዳዳውና ባለስድስቱ አይገጣጠሙም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 2021 የሚል ስላየህ ብቻ 382 አለች ብለህ አትመን። ለአውሮፓ ገበያ የሄዱት ባለ 3.0 ሊትር ሱፕራዎች ከዚያ በኋላም በ340 ፒኤስ (የአውሮፓ የፈረስ ጉልበት መለኪያ፣ 335 ገደማ ማለት ነው) ነው የቀጠሉት። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ባለ 2.0 ሊትር፣ 255 የፈረስ ጉልበት ያላትም መጥታለች። የሻንሲ ቁጥሩን አስመርምረህ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች እወቅ።

የኔን ምርጫ ከጠየቅከኝ፣ መኪናዋን በአብዛኛው በተራ መንገድ የምትነዳት ከሆነ የ2020ዋን በደንብ የተያዘች ካገኘህ ያለ ሐሳብ ውሰዳት። የዕለት ተዕለት መንገድ ላይ ከ5,000 በላይ የምትቆይበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው፤ ከ1,600 ጀምሮ የምትሰጥህ ጉልበት ደግሞ በየቀኑ ትጠቀምበታለህ። ሩጫ ሜዳ የምትወጣ ከሆነ የ2021ዋ ለአፍታም አታጠራጥርም፤ እኔም የቀየርኩት ለዚያ ነው። እጅ ማርሽ የሚናፍቅህ ከሆነም ሁለቱንም ትተህ ሌላ ፈልግ፤ ፍሪሲዮን ያላት የመጣችው በ2023 ሥሪት ነው።

ሁለቱንም በአንድ ቀን ንዳቸው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ነፃና ቀጥ ያለ ቦታ ፈልገህ፣ ካምቢዮውን በእጅ ሦስተኛ ላይ አድርገው፤ ከ2,000 ጀምረህ እስከ 6,500 ሳትለቅ ሂድ። መጀመሪያ የ2020ዋን፣ ቀጥሎ የ2021ዋን። 5,500 ስታልፍ የሚሰማህን እዚሁ ጻፍልን።